እጅ በደረት

ከጥቅምት መባቻ ጀምሮ በአጋም ምንጭ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሱፐርቫይዘር ከክፍሉ ጀርባ ተቀምጦ መታዘቡ ቀርቶ፣ ትምህርቱ በስልክ እየተቀረጸ በመምህራን የቴሌግራም ቡድን ላይ መለቀቅ ጀመረ፤ ዛሬ ማክሰኞ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረችው እማዋይሽ የቀድሞ ተማሪዋ ወደሆነው ወደ ርዕሰ መምህር ምንይችል ቢሮ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘግታለች።

እማዋይሽ፦ አጥፋው ብዬሃለሁ።

ምንይችል፦ እትዬ፣ እስኪ ይቀመጡ። ቆመው ሲያዙኝ ሰባተኛ ክፍል ያለሁ ይመስለኛል።

እማዋይሽ፦ ሰባተኛ ክፍል ሳለህ የታዘዝከውን ትሠራ ነበር። አጥፋው።

ምንይችል፦ እንዴት አድርጌ? ቪዲዮው ከእጄ ከወጣ ዘጠኝ ቀኑ ነው። «ጠመኔ» የሚሉት የሒሳብ መምህራን ቡድን ውስጥ ብቻ አራት ሺህ ሰው አለ። እነሱ ለጓደኞቻቸው፣ ጓደኞቻቸው ለጓደኞቻቸው ልከውታል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

እማዋይሽ፦ ያፈሰሰው ሰው ግን ይታወቃል።

ምንይችል፦ እኔ ምን አጠፋሁ? መመሪያው «ቅረጹና ልቀቁ» አለ፤ ቀረጽኩ፣ ለቀቅሁ።

እማዋይሽ፦ ሰዉ ከሥሩ ምን እየጻፈ እንደሆነ አይተሃል?

ምንይችል፦ ሦስት መቶ አስተያየት ነው። እርስዎ አላነበቡትም?

እማዋይሽ፦ አላነበብኩም። መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው የመጣሁት። አንብብልኝ።

ምንይችል፦ መነጽርዎ አፍንጫዎ ላይ ነው።

እማዋይሽ፦ አንብብ አልኩህ፣ ዳይሬክተር።

ምንይችል፦ እሺ። «ልጆቹ ቀኝ እጃቸውን አውጥተው ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ቃለ መሐላ እየፈጸሙ ነው ወይ?» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ፣ «ክፍሉን ለልብ ሐኪም አሳዩት» ይላል። ይቺ እንኳ ጥሩ ሰው ናት፤ «መምህርታቸውን እንዴት ቢወዷት ነው!» ብላለች።

እማዋይሽ፦ ቀጥል።

ምንይችል፦ አንዱ ቪዲዮውን እያቆመ ቆጥሯል። «ከሃምሳ ሁለት ተማሪዎች አርባ አንዱ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። መምህርቷ የጠየቀቻቸው ዘጠኙ ግን፣ ዘጠኙም፣ ግራ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ ያሳረፉ ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሚሆንበት ዕድል ስንት ነው?» ይልና ስሌቱን ከነደረጃው ሠርቶ ለጥፎታል።

እማዋይሽ፦ የሒሳብ መምህር ሥራ ሲፈታ እንዲህ ያደርገዋል።

ምንይችል፦ ስሌቱ ግን ትክክል ነው?

እማዋይሽ፦ ሁለተኛው መስመር ላይ ስቷል። ወደ መልሱ ሲደርስ ግን አስተካክሎታል።

ምንይችል፦ አላነበብኩም አላሉም?

እማዋይሽ፦ አጥፋው!

ምንይችል፦ ባጠፋውስ? የቡድኑ አስተባባሪዎች ሐሙስ በሦስት ሰዓት የቀጥታ ስርጭት ይዘውልዎታል። ማስታወቂያውም ወጥቷል፤ «እጅ በደረት፦ አዲስ የተሳትፎ ዘዴ፣ በመምህርት እማዋይሽ»። ፎቶዎም አለበት፤ ያማረ ፎቶ ነው።

እማዋይሽ፦ ማን ፈቅዶ?

ምንይችል፦ ዝምታ መስማማት ነው ብዬ…

እማዋይሽ፦ የማን ዝምታ?

ምንይችል፦ የእርስዎ ነዋ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰላምታዬን እንኳ አልመለሱልኝም።

እማዋይሽ፦ ያ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር።

ምንይችል፦ እትዬ፣ ተረጋግተው ያስቡት። እኔ ነገሩን አመቻችቼዋለሁ፤ የሚያነቡትንም ጽፌልዎታለሁ። ይኸው፤ «ዘዴው ሦስት ደረጃዎች አሉት። አንደኛ፣ ተማሪው ልቡን ያዳምጣል። ሁለተኛ፣ እውቀቱን ከልቡ ጋር ያገናዝባል። ሦስተኛ፣ በልበ ሙሉነት እጁን ያወጣል።»

እማዋይሽ፦ ይህን የጻፈው ማን ነው?

ምንይችል፦ እኔ ነኝ። ትናንት፣ ከምሳ በኋላ።

እማዋይሽ፦ ምሳህ ምን ነበር?

ምንይችል፦ አይቀልዱ። ወረዳው ሰምቷል። ትምህርት ቤቱን ሞዴል ሊሉት ነው።

እማዋይሽ፦ ውሸት ላስተምር ነው የምትለኝ?

ምንይችል፦ ደረጃ ከወጣለት በኋላ ውሸት አይባልም፣ ሥልጠና ነው የሚባለው።

እማዋይሽ፦ አንተ ልጅ!

ምንይችል፦ ካልሆነ እርስዎ ይንገሩኛ። እጅ በደረት ምንድን ነው?

እማዋይሽ፦ አታውቅም?

ምንይችል፦ ከየት አውቄው?

እማዋይሽ፦ ምንይችል።

ምንይችል፦ አቤት።

እማዋይሽ፦ ዓይኔን እያየህ ነው አላውቅም የምትለኝ?

ምንይችል፦ ጣሪያውን እያየሁ ነው።

እማዋይሽ፦ እንግዲያው ጣሪያውን እያየህ ስማ፤ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አቶ ወንድይፍራው ሱፐርቫይዘር ሆነው በመጡ በወሩ፣ ያንን ጥቁር ደብተራቸውን ይዘው ከክፍሉ ጀርባ ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጠየቅሁ። ከስልሳ ስምንት ልጅ እጁን ያወጣው ስድስት ነው። የምልከታ ቅጹ ላይ፣ «የተማሪ ተሳትፎ» ከሚለው ፊት ለፊት ምን ብለው እንደጻፉ ታውቃለህ?

ምንይችል፦ «ደካማ»?

እማዋይሽ፦ «የሞተ»።

ምንይችል፦ ሳይታመም?

እማዋይሽ፦ ትስቃለህ። ለእኔ ግን ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ቅጹ መምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አንድ ወር ከረመ። ለሚቀጥለው ምልከታ ልጆቹን ሰብስቤ፣ «ሁላችሁም ቀኝ እጃችሁን ታወጣላችሁ፤ መልሱን የማታውቁ ግራ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፤ እኔ አልጠይቃችሁም» አልኳቸው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የወጣ እጅ ብቻ ነው። ደረቱ ወደ እኔ ነው።

ምንይችል፦ ጫካ ሆነ በሉኛ።

እማዋይሽ፦ ስልሳ ስምንት እጅ! የአቶ ወንድይፍራው እስክሪብቶ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቅጽ ሁሉ ከመዝገብ ቤት አውጥተህ እይ። እሳቸውም ጡረታ እስኪወጡ፣ ከእሳቸው በኋላ የመጡትም፣ «እጅግ በጣም ጥሩ» ነው ያሉት። ሁሉም ከኋላ ነው የተቀመጡት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማንም ዞሮ ከፊት አላየም።

ምንይችል፦ እስከ ጥቅምት ድረስ።

እማዋይሽ፦ እስከ ጥቅምት ድረስ። አሁን ገባህ? ጡረታዬ ስድስት ዓመት ቀርቶታል። ከዚህ ቤት ይዤው የምወጣው ስሜን ነው። ሐሙስ ብዋሽ አራት ሺህ መምህር ፊት ነው፤ ብናገርም እዚያው ፊት ነው።

ምንይችል፦ ለዚህ ነው እኮ ሦስቱ ደረጃዎች። ማን ያውቅብዎታል?

እማዋይሽ፦ ስልክህን ክፈት። ወደ ላይ… ወደ ላይ ግፋው። ይህንን አንብብ።

ምንይችል፦ «ክብርት መምህርት እማዋይሽ፣ ሃያ ዓመት ከኋላ ሆኜ ያላየሁትን በዚህ እርጅናዬ ከፊት አየሁት። ሐሙስ አንድ ጥያቄ አለኝ። ወንድይፍራው፣ ጡረተኛ ሱፐርቫይዘር።» ውይ!

እማዋይሽ፦ ውይ ነው።

ምንይችል፦ እሳቸውን ደግሞ ማን እዚህ ቡድን ውስጥ አስገባቸው?

እማዋይሽ፦ ጡረታ ሰውን ከወንበር እንጂ ከአመሉ አያስነሳም። የሚታዘቡት ሲያጡ በስልክ መጡ።

ምንይችል፦ እኔ የምለው፣ ሐሙስ ኔትወርክ ቢጠፋስ? ኔትወርክ'ኮ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ማንም አይጠረጥርም።

እማዋይሽ፦ ዛሬ ቢጠፋ ነገ ይመጣል። እሳቸው ግን ጥያቄያቸውን አይረሱም፤ አንድ ጊዜ በጻፍኩት የትምህርት ዕቅድ ላይ ቀን መሳሳቴን ከአራት ዓመት በኋላ አንስተውብኛል።

ምንይችል፦ እንግዲያው ይቺን ደግሞ ይስሙኝ። ዛሬ ጠዋት ነው የገባችው፤ አላዩዋትም ብዬ እገምታለሁ።

እማዋይሽ፦ እኔ ምንም አላየሁም ብዬሃለሁ።

ምንይችል፦ አዎ፣ መነጽርዎን ረስተው። «ስሜ ኡሞድ ነው። ጋምቤላ ውስጥ፣ ከባሮ ማዶ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ቪዲዮውን አይቼ ልጆቼን፣ የማያውቅ እጁን ደረቱ ላይ ያድርግ፤ እንዳይስቁበት እኔ አለሁ፣ አልኳቸው። ከአርባ አራቱ ሠላሳ ስምንቱ አደረጉ። እኔ ሁሉም የገባቸው ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ድምፅዋን ያልሰማኋትን አንዲት ልጅ፣ ያልገባሽ ምኑ ነው፣ ብዬ ጠየቅኋት…»

እማዋይሽ፦ ቆይ። ደረቷ ላይ ያደረገችዋን?

ምንይችል፦ ደረቷ ላይ ያደረገችዋን።

እማዋይሽ፦ ጠየቃት?

ምንይችል፦ ጠየቃት። «…ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ስናካፍል ሁለተኛውን ለምን እንገለብጠዋለን፣ አለችኝ። ያን ጊዜ እኔም እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። መምህርት እማዋይሽ፣ ይህን ዘዴ ስላካፈሉን ከልብ አመሰግናለሁ። መልሱን ሐሙስ ይነግሩናል ብለን፣ እኔም ልጆቼም እየጠበቅን ነው።»

እማዋይሽ፦ እንደገና አንብበው።

ምንይችል፦ ሙሉውን?

እማዋይሽ፦ የልጅቷን ብቻ።

ምንይችል፦ «ሁለተኛውን ለምን እንገለብጠዋለን?»

እማዋይሽ፦ እኔ እንዳይጠየቁ ያወጣሁትን ምልክት ይህ ሰው ይጠየቁበት ጀመር።

ምንይችል፦ ሰውየው ከፊት ነዋ ያየው። ለምን ግን እንገለብጠዋለን?

እማዋይሽ፦ ሕጉ ነው።

ምንይችል፦ ሕጉን ማን አወጣው?

እማዋይሽ፦ ሠላሳ አንድ ዓመት «ገልብጥና አባዛ» ስል ኖሬያለሁ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ልጅ የለም።

ምንይችል፦ የሚጠይቁት እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበራ።

እማዋይሽ፦ …ቅዳሜ አንድ ቪዲዮ አየሁ።

ምንይችል፦ የት?

እማዋይሽ፦ የትም።

ምንይችል፦ «የሥራ ፈቶች ገበያ» እያሉ የሚሰድቡት «ጠመኔ» ውስጥ?

እማዋይሽ፦ ገበያ ነው። ገበያ ውስጥም አልፎ አልፎ ዕቃ አይጠፋም። የወንጂ መምህርት ናት፤ ሸንኮራ አገዳ ይዛ ክፍል ገባች። ሦስት አገዳ ዘርግታ እያንዳንዱን ለሁለት ቆረጠችው። በሦስት አገዳ ውስጥ ስንት ግማሽ አለ ብትላቸው፣ ቆጠሩ፤ ስድስት። እያንዳንዱን ግማሽ ደግማ ለሁለት ቆረጠችው። ስንት ሩብ አለ? አሥራ ሁለት። ለግማሽ ማካፈልና በሁለት ማባዛት አንድ መሆኑን ልጆቹ በዓይናቸው አዩት። ከዚያ ማስረጃውን በሉት።

ምንይችል፦ ስንት ጊዜ አዩት?

እማዋይሽ፦ አራት ጊዜ። በማግስቱ አገዳ ገዝቼ ቤት ቁጭ ብዬ ስቆርጥ፣ ባለቤቴ በሃምሳ አራት ዓመቴ አምሮት የያዘኝ መስሎት ክው አለ።

ምንይችል፦ ምን አሉት?

እማዋይሽ፦ ሒሳብ እያጠናሁ ነው አልኩት። ይባስ ደነገጠ። አሁን ተራው የእኔ ነው፣ ምንይችል። ስልኩን ለምን ከፊት አቆምከው?

ምንይችል፦ ለብርሃኑ ነዋ። ከኋላ ሲሆን መስኮቱ ያንጸባርቃል።

እማዋይሽ፦ የሰባተኛ ለ መስኮት በጎን በኩል ነው።

ምንይችል፦ ድምፅዎ ጥርት ብሎ እንዲገባ ብዬም ነው።

እማዋይሽ፦ ድምፄ ከአጥር ውጭ ይሰማል። አንተው ራስህ «ጎረቤት ክፍሎችን ይረብሻል» ብለህ ደብዳቤ ጽፈህልኛል።

ምንይችል፦ ስልኩ ቻርጅ ስላልነበረው ሶኬቱ አጠገብ…

እማዋይሽ፦ ሰባተኛ ለ መብራት ገብቶለት ያውቃል?

ምንይችል፦ አያውቅም።

እማዋይሽ፦ ሦስት ምክንያት ሰጠኸኝ፤ ሦስቱም ወደቁ። የሌሎቹን መምህራን ቪዲዮ ተራ በተራ አየሁት። አሥራ አንዱንም ከኋላ ሆነህ ነው የቀረጽከው። ከፊት የተቀረጽኩ እኔ ብቻ ነኝ።

ምንይችል፦ ለመነጽር የለሽ ሰው ብዙ አይተዋል።

እማዋይሽ፦ ምንይችል።

ምንይችል፦ አቤት።

እማዋይሽ፦ እጅህ የት ነበር?

ምንይችል፦ …ደረቴ ላይ ነበር፣ እትዬ።

እማዋይሽ፦ ሱፐርቫይዘር የመጣ ቀን።

ምንይችል፦ ሱፐርቫይዘር በዓመት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። እኛ ግን በሌላውም ቀን አላወረድነውም። ደረትህን ከያዝክ አትጠየቅም፤ ይህን የመሰለ ጥላ አግኝቶ ወደ ፀሐይ የሚወጣ ልጅ አለ? እርስዎም አልጠየቁንም። ሰባተኛን እንዲያ አለፍኩ፣ ስምንተኛንም እንዲያ አለፍኩ።

እማዋይሽ፦ የማያውቀውን መጠየቅ ማሳፈር ይመስለኝ ነበር።

ምንይችል፦ ማፈሩንማ ማትሪክ ላይ ደረስንበት።

እማዋይሽ፦ ታሪክ ያጠናኸው ለዚህ ነው?

ምንይችል፦ ታሪክ ውስጥ የሚገለበጠው መንግሥት ብቻ ነዋ። ለምን እንደተገለበጠም መጽሐፉ ላይ አለ።

እማዋይሽ፦ ስለዚህ ተበቀልከኝ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

ምንይችል፦ በሒሳብ እንኳ ጾሜን ነው ያሳደሩኝ፤ የምነክሰውስ እጅ ከየት መጥቶ? ደግሞም በቀል አይደለም። አንድ ቀን እርስዎ ብቻዎን ሆነው ቢያዩት ብዬ ነው።

እማዋይሽ፦ እኔ በየቀኑ ከፊታቸው ነው የምቆመው። የትኛውን አዲስ ነገር ልታሳየኝ ነው?

ምንይችል፦ ብዛታችንን።

እማዋይሽ፦ …አርባ አንድ።

ምንይችል፦ አርባ አንድ።

እማዋይሽ፦ ያ ሥራ ፈት ባይቆጥር ኖሮ እኔ አልቆጥርም ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዓይኔ ጠረጴዛ ላይ ያረፈውን እጅ ነበር የሚፈልገው። ለእኔ ብቻ ያልከውን ግን ለአራት ሺህ ሰው ለምን ለቀቅከው?

ምንይችል፦ እሱ ላይ ተሳሳትኩ። አርባ ደቂቃ የሒሳብ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው የሚያይ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

እማዋይሽ፦ እንግዲህ አለ። ቆጥሮም ያሰላል።

ምንይችል፦ ይቅርታ፣ እትዬ። ከልቤ ነው። ከፈለጉ አሁኑኑ ለአስተባባሪዎቹ ደውዬ ታመዋል እላለሁ። ጉንፋን።

እማዋይሽ፦ ሦስቱን ደረጃዎች አምጣቸው።

ምንይችል፦ የትኞቹን?

እማዋይሽ፦ ልብ የሚያዳምጡትን። ጀርባው ባዶ ነው?

ምንይችል፦ ባዶ ነው። ምን ሊያደርጉት?

እማዋይሽ፦ እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ጻፍ። ለአስተባባሪዎቹ፤ «የሐሙሱ ርዕስ ይለወጥ። 'አዲስ የተሳትፎ ዘዴ' የሚለው ይውጣ። በቦታው፣ 'ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያልጠየቅኋቸው ተማሪዎች' የሚለው ይግባ።»

ምንይችል፦ እትዬ! ሊናገሩት ነው?

እማዋይሽ፦ ጻፍ። ለአቶ ወንድይፍራው፤ «ክቡርነትዎ የሚጠይቁኝን ሳይጠይቁኝ በመጀመሪያው ደቂቃ እመልሳለሁ። ከመለስኩ በኋላም ጥያቄ ከቀረዎት፣ ይኸው መድረኩ።»

ምንይችል፦ ወረዳው ይሰማል'ኮ! የሞዴልነት ምስክር ወረቀቱ ተፈርሞ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው።

እማዋይሽ፦ ማኅተም ያልተመታበት ወረቀት ለመመለስ አይከብድም። ጻፍ። ለመምህር ኡሞድ፤ «ማታለያው የእኔ ነበር፤ ዘዴው ግን የእርስዎ ነው። ስምዎን ጠርቼ እጀምራለሁ። ለዚያች ልጅ የምመልስላትን ከወንጂ መምህርት ተምሬ መጥቻለሁ።»

ምንይችል፦ ይሄ… ይሄ እንኳ ያምራል።

እማዋይሽ፦ አስተያየት አልጠየቅሁህም። የምናገረውም ወንበር ላይ ተቀምጬ አይደለም፤ ሰባተኛ ለ ውስጥ፣ ልጆቹ ባሉበት፣ በቀጥታ አስተምራለሁ። አምስት አገዳ ይገዛ። ስልኩ ከፊት ይቁም።

ምንይችል፦ እሺ። ስልኩን እኔ እይዛለሁ።

እማዋይሽ፦ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ይቆማል። አንተ ከልጆቹ ጋር ትቀመጣለህ።

ምንይችል፦ ምን ልሠራ?

እማዋይሽ፦ ልትማር ነዋ።

ምንይችል፦ እትዬ፣ አራት ሺህ መምህር ያየኛል! ወረዳው ያየኛል! እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ክፍልፋይ ማካፈል እስከ ዛሬ አልገባኝም!

እማዋይሽ፦ ሐሙስ በሦስት ሰዓት የመጀመሪያውን ጥያቄ የምጠይቀው አንተን ነው።